ምዕራፍ ስድስት፦ ከአርባው ደቂቃ ሠላሳው የማን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ደወል ተደውሎ መምህሩ እስኪገባ፣ ሰሌዳው እስኪጠፋ፣ ስም እስኪጠራ የሚሄደውን ብንተወው እንኳ ለማስተማር የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤት የሚዘረጋው ቴክኖሎጂ፣ ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕም ሆነ ታብሌት፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚችው 40 ደቂቃ ላይ ነው። የዕቅድ ሰነዶች ግን ስለ እሷ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ዕቃው ብዛት፣ ስለ ሽፋኑ በመቶኛ፣ ጨረታው በየትኛው ሩብ ዓመት እንደሚወጣ ነው። ስንት ማሽን እንደሚገዛ የማይነግር ዕቅድ አይታወቅም፤ ማሽኑ በርቶ ሳለ መምህሩ ምን እንደሚሠራ የሚነግር ዕቅድ ግን እምብዛም አይገኝም።

ለዚህ ከእኛው ፕላዝማ የተሻለ ማስረጃ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ መንግሥት ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉ ተማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት በሳተላይት ማሰራጨት ጀመረ። ከ400 በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጣሪያቸው ላይ ዲሽ ተተከለላቸው፤ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ በዚያን ጊዜ የባለጠጋ ሳሎን ውስጥ እንኳ እምብዛም የማይታይ ጠፍጣፋ የፕላዝማ ስክሪን ተሰቀለ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሁሉም ከአንድ ማዕከል፣ በአንድ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች የተቀረጹት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስለነበር አነጋገሩም የዚያው አገር ነበር። ለትምህርት ቤቶቹ የተዘረጋው የኮምፒውተር ግንኙነት መረብ ስኩልኔት ተባለ፤ የወረዳ መስተዳድሮችን በቪዲዮ ስብሰባ ያገናኘው ወረዳኔት ታላቅ ወንድሙ ነበር።

ይህን ያቀዱትን ሰዎች ዛሬ ላይ ሆኖ መተቸት ቀላል ነው፤ ፊታቸው የነበረውን ስሌት አይቶ መፍረድ ግን ይከብዳል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የአንደኛ ደረጃው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ያ ሁሉ ሕፃን አድጎ 8ኛ ክፍልን ሲጨርስ ደግሞ የ9ኛ ክፍል ወንበር ይፈልጋል። በፖሊሲው መሠረት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ያን ጊዜ ጥቂት ነበሩ፤ አንድ የፊዚክስ ምሩቅ ለማፍራት ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ግን አይጠብቅም። በየክፍሉ ስድሳና ሰባ ልጅ ታጭቆ፣ በዲፕሎማ የተመረቀ መምህር ከአቅሙ በላይ የሆነውን ክፍል እንዲይዝ ተደርጎ ነው ነገሩ የሚገፋው። እንግዲህ አንድ ጎበዝ መምህር አንድ ጊዜ ተቀርጾ በመላው አገሪቱ ቢታይስ? የመተማ ልጅ የቦሌ ልጅ የሚያየውን ቤተ ሙከራ ቢያይስ? ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ቀለሙ ሲለወጥ በስክሪን ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ፍትሐዊም ነበር።

ታዲያ ክፍሉ ውስጥ ምን ሆነ?

ከ40 ደቂቃው 30 ያህሉን የሚወስደው ስክሪኑ ነው። መምህሩ ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ርዕሱን ያስተዋውቃል፤ ካበቃ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። በመካከል ያለው የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ነው። እሱ ጥያቄ ያቀርባል፤ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገና ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ሳለ ጊዜው ያልቃል፤ መልሱ ይነገራል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት አይቻልም። ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ተብሎ የሚመሰገንበት ክፍል ነበር፤ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ይህን ዛሬም እያነሱ ይስቃሉ። መምህሩስ? መሃል ገብቶ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ላስረዳ ካለ ከስክሪኑ ጋር ድምፅ መሻማት አለበት፤ ዝም ካለ ደግሞ በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በዚያ ወቅት የአገር ውስጥ ምሁራን ያደረጓቸው ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ፍጥነቱ፣ ቋንቋው፣ የመምህሩ ማብሪያና ማጥፊያ ተጫኝ መሆን።

የቋንቋውን ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። በአንዳንድ ክልሎች ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ሰኔ ላይ «ፎቶሲንተሲስ»ን በራሱ ቋንቋ ተፈትኖ ያለፈ ልጅ መስከረም ላይ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ባልለመደው አነጋገር፣ ያውም በማይቆም ስክሪን ያገኘዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ግን ጆሮው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ተሰናድቶለታል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የተላከው ትምህርት ሁሉ ጋ እኩል አልደረሰም። ድሮ የገጠሩን ልጅ ወደ ኋላ ያስቀረው የመምህር እጥረት ነበር፤ አሁን ደግሞ የስርጭቱ ፍጥነት ተጨመረበት። የክፍሉ መምህር ሊያደርገው የሚችለው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ይህን ገደል መሻገሪያ መሆን ነበር፤ የጊዜ ሰሌዳው ደግሞ የነሳው ይህንኑ ነው።

መብራትም አለ። የስርጭቱ ሰዓት የተቆረጠ ነው፤ መብራት በሄደበት ቀን የኒውተን ሁለተኛ ሕግ አብሮ ይሄዳል። መምህሩ ያን ትምህርት በጠመኔ ለማስተማር አልተዘጋጀም፤ ነገ ደግሞ ስክሪኑ ሦስተኛው ሕግ ላይ ነው። በፈረቃ የሚማሩት በሌላው ፈረቃ ይደገምላቸው ይሆናል እንጂ ያመለጠው ክፍል ተመልሶ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢው «ቴሌቪዥን ለማስተማሪያ አይሆንም ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይደለም» ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ቴሌሴኩንዳሪያ የሚባል ነገር ጀመረች። የተጀመረበት ምክንያት ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ በገጠር አንደኛ ደረጃን የጨረሱ ብዙ ልጆች አሉ፤ ለየትምህርት ዓይነቱ የሠለጠነ መምህር ግን የለም። መፍትሔውም ተመሳሳይ ነው፦ ቴሌቪዥን። ልዩነቱ ያለው ደቂቃው ላይ ነው። በሜክሲኮ የተለመደው አሠራር ፕሮግራሙ 15 ደቂቃ ይታያል፤ የቀረው የክፍለ ጊዜው ትልቁ ክፍል የመምህሩና ለዚሁ ተብሎ የታተመው መጽሐፍ ነው። መምህሩ አንድ ነው፤ ሒሳቡንም ታሪኩንም እሱው ይመራል፤ የሁሉም ሊቅ ይሁን ተብሎ ግን አይጠበቅም። ቴሌቪዥኑ ነገሩን ይከፍትለታል፣ መጽሐፉ ተራ በተራ ይመራዋል፣ እሱ ከልጆቹ ጋር ይሠራል። ስለ ጥራቱ በሜክሲኮ ብዙ ክርክር አለ፤ ተማሪዎቹ በአገር አቀፍ ፈተና ከከተማዎቹ ያነሰ ውጤት እንደሚያመጡም ይታወቃል። ሆኖም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪም ይዟል። እኛ ግማሹን ደቂቃ ለሰው ብንተው ኖሮ ፕላዝማው ዕድሜው ይረዝም ነበር ብሎ መማል አይቻልም። እኔ ግን ይረዝም ነበር ባይ ነኝ።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ በየትኛውም የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅድ ላይ በጣም አሰልቺው ገጽ እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የመንግሥት በጀት ሁለት ኪስ አለው፦ ካፒታልና መደበኛ። ስክሪን፣ ዲሽ፣ ጄኔሬተር፣ ኮምፒውተር የሚገዛው ከካፒታሉ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በፌዴራል ደረጃ፣ ብዙውን ጊዜ በብድር ወይም በዕርዳታ። አንዴ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ በዜና ይነገራል። ዕቃውን በየዓመቱ በሕይወት የሚያቆየው ግን መደበኛው በጀት ነው፦ የመብራት ሒሳብ፣ የቴክኒሻን ደሞዝ፣ የተቃጠለች መለዋወጫ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ። ይህ የሚወጣው ከወረዳ ነው። የወረዳ የትምህርት በጀት ደግሞ አብዛኛው ገና ሳይነካ ለመምህራን ደሞዝ ያልቃል። ገዢው አንድ፣ አስታማሚው ሌላ ሆነ ማለት ነው፤ ገዢው ሲያቅድ አስታማሚውን «አቅም አለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም።

ይህ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታይ እንይ። ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ገቢ ያደርገዋል፤ ለተጠቃሚ ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ የፈረመው ሰው ኃላፊ ነው። ቢጠፋ ወይም ቢሰበር በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ይጠየቃል፣ ሲብስም ከደሞዙ ይቆረጥበታል። አሁን ራስዎን በፈራሚው ቦታ ያስቀምጡ። 40 ኮምፒውተር በስምዎ ተፈርሟል። ሰባ ጎረምሳ እየተጋፋ ወደ ክፍሉ ሲገባ ያዩታል። ምን ያደርጋሉ? በሩን ይቆልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሮቹ በሪፖርት ላይ «አገልግሎት እየሰጡ ያሉ» ተብለው ይኖራሉ፤ ከላይ የለበሱት ጨርቅ የሚነሣው ጎብኚ ሲመጣ ነው። ይህን ስንፍና የሚሉ አሉ። ሥርዓቱ የሚቀጣው ዕቃ ያበላሸውን እንጂ ዕቃ ያላሠራውን አይደለም፤ ሰውየው በዚያ ሕግ ውስጥ ጠቢብ ነው። የተበላሸውም ቢሆን በቀላሉ ከመዝገብ አይወርድም፤ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ባለሙያ አይቶ፣ ይወገድ ተብሎ እስኪወሰን ድረስ የሞተው ስክሪን ግድግዳው ላይ፣ የሞተው ኮምፒውተር መጋዘኑ ውስጥ ዓመታት ይቆጥራል። የሪሞት መጥፋት አንድን ክፍል ለአንድ ወሰነ ትምህርት ከስርጭት ውጭ ሊያደርገው የሚችለው ደግሞ በበጀቱ ምክንያት ነው፤ ሪሞቷ ርካሽ ናት፣ የምትገዛበት መደብ ግን በበጀቱ ላይ የለም።

ከፕላዝማው ጥቂት ዓመታት በኋላ ተራው የላፕቶፕ ሆነ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ብለው ተነሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ቱኒዝ ላይ በተደረገው የመረጃ ማኅበረሰብ ጉባኤ አረንጓዴዋን ማሽን ሲያስተዋውቁ፣ መብራት ለሌለበት አገር ታስቦ የተሠራው በእጅ የሚዞር መዘውር ኮፊ አናን ሊያዞሩት ሲሞክሩ ተነቅሎ ቀረ። ሰዎች ያን ጊዜ ሳቁ፤ መንግሥታት ግን መግዛታቸውን አልተዉም። ወደ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉ ገብተው በአዲስ አበባና በገጠር ለተመረጡ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተከፋፈሉ። የመጡት በትምህርት ሥርዓቱ ዋና በር ሳይሆን በጀርመን ድጋፍ በሚካሄድ የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል ነበር። ልጆቹ ወደዷቸው፤ ፎቶ አነሡባቸው፣ ተጫወቱባቸው። መምህራኑ ግን በቂ ሥልጠና አላገኙም፤ በመማሪያ መጽሐፍና በሰሌዳ በሚያስተምሩት ክፍል ላፕቶፑ ረባሽ ሆነባቸው፤ «ክደኑት!» ማለት ቀላሉ መንገድ ነበር። እዚህ የተደረገ አንድ ጥናት ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች ረቂቅ ነገርን በማገናዘብ ረገድ መሻሻል እንዳሳዩ አግኝቷል፤ ያ መልካም ዜና ነው፤ ከክፍሉ ትምህርት ጋር ግን የሚያገናኘው ድልድይ አልነበረውም።

ፔሩ ከእኛ በብዙ እጥፍ ገዛች፤ ከ800,000 በላይ። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረገውን ጥናት ይፋ ሲያደርግ ውጤቱ ቁርጥ ያለ ነበር፦ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሀብታምነት ከዚህ ነገር እንደማያድን አሳየች። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ለተማሪ ሁሉ አይፓድ ለማደል ኢንተርኔቱን ጨምሮ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ዕቅድ ጀመረ። ተማሪዎቹ ወዲያው የጥበቃውን ቁልፍ ሰበሩት፤ በውስጡ ይጫናል የተባለው ትምህርት ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋና ኃላፊው ከሥራ ለቀቁ፣ ኤፍቢአይም ሰነድ ሊወስድ መጣ።

እንግዲህ አንዲት የተሳካላት አገር አለች ከተባለ የምትጠራው ኡራጓይ ናት። እሷም የጀመረችው በዚያችው አረንጓዴ ላፕቶፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 ቪያ ካርዳል በምትባል ትንሽ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ2009 የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሁሉ አዳረሰች። ትንሽ አገር ናት፤ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ መብራቱም መንገዱም የተሟላ፤ ይህን ሳይናገሩ እሷን ለእኛ ምሳሌ ማድረግ ተገቢ አይደለም። የሚያስቀናው ግን ሀብቷ አይደለም። ሴይባል የሚባለውን ዕቅድ የሚመራ ራሱን የቻለ ቋሚ ተቋም አቋቋመች፤ ስለ ጥገናው፣ ስለ ኢንተርኔቱ፣ ስለ መምህራን ሥልጠናው በየዓመቱ የሚጠየቅ አንድ አካል አለ ማለት ነው። ማሽን እዚያም ይሰበር ነበር፤ ብዙ ይሰበር ነበር። ልዩነቱ ተሰብሮ የት እንደሚወሰድ መታወቁ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመሩት የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። ኡራጓይ በአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር በቂ መምህር አልነበራትም፤ ቀድሞ የተነሣው ያው የእጥረት ስሌት። ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆነው በቪዲዮ አስተማሪ አመጡ፤ አንዳንዱ አርጀንቲና ተቀምጦ፣ አንዳንዱ ፊሊፒንስ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ግን በቀጥታ ልጆቹን ያያቸዋል፣ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ሲሳሳቱ ያርማቸዋል። በሳምንት ከሚሰጡት ሦስት ክፍለ ጊዜያት የሱ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚይዘው የክፍሉ መምህር ነው፤ እንግሊዝኛ እምብዛም የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ከልጆቹ ጋር እየተማረ ያስደግማቸዋል። የሩቁ አስተማሪና የቅርቡ መምህር በየሳምንቱ ተነጋግረው ሥራ ይከፋፈላሉ። ቴክኖሎጂው ከፕላዝማው ብዙ የራቀ አይደለም፤ ያው ካሜራ፣ ያው ስክሪን ነው። ለመምህሩ ግን የሚሠራው ሥራ፣ የሚሠራበትም ጊዜ በጽሑፍ ተሰጥቶታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛው አቆጣጠር በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥል ተባለ፤ በአብዛኛው የገጠር ቤት ቴሌቪዥን ስለሌለ ያ ዓመት ለብዙ ልጆች ባዶ ሆኖ አለፈ። በዚያው ሰሞን የወጣው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ትምህርትንም ይጨምር ነበር። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገሩ ደነገጠ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፈተናው ከፊሉ በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ይህ ለኩረጃ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ልጅ በሕይወቱ መጀመሪያ ኪቦርድ የሚነካው ዕጣው በሚወሰንበት ቀን ከሆነ፣ የምንለካው ፊዚክሱን ነው ወይስ ማውዝ አያያዙን? ቴክኖሎጂው ከትምህርቱ ቀድሞ ፈተናው ላይ መድረሱ ያሳስባል።

በዚህ መሃል በማንም ዕቅድ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ሆነ። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል መጻሕፍቱ በጊዜ ታትመው አልደረሱም። ያን ጊዜ ያዳነው ቴሌግራም ነው። የመጽሐፉ ፒዲኤፍ ከቻናል ወደ ቻናል፣ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ተላለፈ፤ መምህሩ ከስልኩ ላይ እያነበበ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ምዕራፍ ምዕራፉን እያተሙ ሸጡ። ጨረታ አልወጣበትም፣ ሪባን አልተቆረጠለትም፣ በሞዴል 19 ገቢ አልሆነም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የጥበቃ ሠራተኛው በር ላይ ፈትሾ የሚቀማው ስልክ ውስጥ የነበረው የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ነበር።

ወጪው ግን የወላጅ ነው፤ የስልኩም፣ የዳታውም፣ የፎቶ ኮፒውም። ስልክ ያለው ቤተሰብ መጽሐፍ አገኘ፤ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ደብተር ገለበጠ። ቀጣዩን ዕቅድ የሚያረቅ ባለሙያ መነሻ መረጃ ሲሰበስብ ይህን የት አምድ ውስጥ እንደሚጽፈው አላውቅም፤ ቅጹ ላይ ያለው «የኮምፒውተር ብዛት» የሚለው ነው።